«ብረት አለ?» ሲሉኝ «የለም» ያልኩ ቀን

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም፣ ፀጉሬም አልሸበተም። ግን ሥራው ራሱ ዕቃውን ጠቅልሎ ከመካነ ሰላም ሲሄድ ሠራተኛዋ ምን ትባላለች? ተባረረች እንዳትሉኝ፣ ያባረረኝ የለም። ለቀቀች እንዳትሉኝ፣ እኔ አልለቀቅሁም፤ ሥራው ነው እኔን የለቀቀኝ። ስለዚህ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። ይህን የምጽፈው ደንበኛ በሌለ ሰዓት ነው። መሀል ላይ ከተቆራረጠ ደንበኛ መጥቶብኝ ነው።

ሥራዬ ምን እንደነበር ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ደክሜያለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ «በግ ጥበቃ ነበረች» ነው የምትለው። እኔ ባጭሩ ልናገር፦ በበግ ሆድ ውስጥ ሮቦት እነዳ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ያ መንግሥት ሳይለወጥ፣ አንድ ለአምስት ተደራጁ በሚባልበት ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም፣ ቤት ቁጭ ብዬ ከእናቴ ጋር እጨቃጨቃለሁ። አንድ ቀን ወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ለሮቦት ምርምር ረዳት» የሚል ወረቀት አየሁ። ሰዉ እየሳቀ ያልፋል። እኔ ተመዘገብኩ። ሌላ የተመዘገበ ስላልነበረ አንደኛ ወጣሁ።

አለቃችን ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነበር፣ ዶክተሩ እንለዋለን። ሐኪም አይደለም፣ በኢንጂነሪንግ ተምሮ ነው ዶክተር የሆነው። ይህንን ለከተማው ሰው ማስረዳት ግን አልተቻለም። በመጣ በሳምንቱ ሳል የያዘው፣ ጥርሱ ያበጠው፣ ልጅ ያዘለችው ሁሉ በሩ ላይ ተሰለፈ። ዶክተሩ በጓሮ በኩል ወጥቶ ሄደ። «አንተ በዪኝ፣ እኔ ማዕረግ አልወድም» ይላል፤ ስለዚህ አንተ እያልኩት ቀረሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጠርሙስ ከፍቶ በስንጥር ጫፍ ጥቁር ብናኝ አሳየኝ።

«ይኸውልሽ» አለ።

«ምኑ?»

«ሮቦቱ።»

አየሁት። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነው የሚመስለው። አንዷ ፍሬ ከጤፍ ታንሳለች። «እጅ የለው፣ እግር የለው?» አልኩ።

«እግሩ ማግኔት ነው። አንቺ ከውጭ በማግኔት ስትጠሪው ውስጥ ሆኖ ይሄዳል።»

ከበስተኋላዬ አንድ ሽማግሌ በሳቅ ፈነዱ። «ልጄ፣ እኔም ሰው የሚያህል ብረት መስሎኝ በሩን አስፍተን ነበርኮ!»

እኒህ ጋሽ ይማም ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በእኛው በቦረና ሜዳና ገደል የሰው ከብት ያከሙ የእንስሳት ጤና ባለሙያ። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ወጥተው ዶክተሩ ለእጃቸው ብሎ ቀጠራቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዶክተሩ ያስተማረኝ ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበግ አራተኛው ሆድ ውስጥ ደም የሚመጥ ትል አለ፣ በጓን አክስቶ አክስቶ ይጥላታል። በአፍ የሚሰጠው መድኃኒት በሆዱ ሁሉ ይበተናል እንጂ ትሉ ያለበት በቂ አይደርስም። ዶክተሩ መድኃኒቱን በእነዚያ ጥቃቅን ፍሬዎች ላይ ቀባ። ከመሀላቸው አንዷ የምስር ክክ የምታህል ናት። እሷ ሙቀቱንና ኮምጣጣነቱን እየለካች፣ በጓ ከተኛችበት ሥር ባለው ሰሌዳ በኩል ለኮምፒውተሩ ትነግራለች። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆና ትታያለች። ፍሬዎቹን በጓ ትውጣለች፤ እኛ በእንጨት ክንድ ጫፍ ላይ በታሰረ ማግኔት ከሆዷ ውጭ እየጠራን አራተኛው ሆድ እናደርሳቸዋለን። እዚያ ሲደርሱ ይበተናሉ፣ መድኃኒቱም ይለቀቃል። በወረቀት ቀላል ነው። በበግ ግን ሌላ ነው።

የሥራው ጠላት ብረት ነበር። ብረት ካለ ሰሌዳው ይዋሻል፣ ነጥቧም የሌለችበት ቦታ ያለች ትመስላለች። ስለዚህ ያ ሁሉ የሠለጠነ ዕቃ የተቀመጠው ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ነው። ጠረጴዛው አንድ ሚስማር የለውም፣ በጠፍር ነው የታሰረው። አናጢው «ሚስማር ላምጣ እንጂ፣ ድሃ ናችሁ እንዴ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ለምኖናል። የምንጫማው የላስቲክ ኮንጎ ነው። እኔ መርፌ ቁልፍ፣ የፀጉር ሽቦ፣ የጡት መያዣ መንጠቆ ሳይቀር አውልቄ ነው የምገባው። የቀበሌው ሊቀ መንበር አንድ ቀን መጣና ጣሪያውን አይቶ ተቆጣ።

«በዚህ በትራንስፎርሜሽን ዘመን ሣር ቤት? ለጎብኚ ምን ልንል ነው?»

ጋሽ ይማም ጎንበስ ብለው «ጌታዬ፣ ቆርቆሮ ካለበሱን ሮቦቱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሥራ ይፈታብናል» አሉት። ሰውዬው ይሳቅ ይቆጣ ግራ ገብቶት ሄደ።

ጋሽ ይማም ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ በር ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሰዓታቸውን ያስቀምጣሉ። ቀጥሎ ቁልፍ። ቀጥሎ ሳንቲም። ቀጥሎ ቀበቷቸውን ፈትተው ሱሪያቸውን በገመድ ያስራሉ። አንዲት ብርማ ጥርስ ስለነበረቻቸው የመጀመሪያው ሳምንት ዶክተሩን አፋቸውን ከፍተው «ይቺስ?» ብለውታል፤ ማግኔት አስጠግቶ ምንም ስላልሆነች ተፈቀደላት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ይገቡና እያንዳንዳችንን በስማችን ጠርተው «ብረት አለ?» ይላሉ። «የለም» ማለት አለብን፤ አንድ ሰው ካልመለሰ ሥራ የለም። እኔ ችኩል ስለሆንኩ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የምመልሰው። ያኔ ቀና ብለው ያዩኛል።

«ሰዓዳ፣ አፍሽ ቀደመሽ። ኪስሽን ጠይቂና ንገሪኝ።»

ሁልጊዜ ይሉኛል፣ ሁልጊዜ እናደዳለሁ፣ ሁልጊዜም ኪሴን እዳብሳለሁ። አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዬ የላከችልኝ የጆሮ ጌጥ ወጣ።  ድንጋዩን አሳዩኝ።

ማግኔት አነዳዳቸውን ለመጻፍ ቃል ያጥረኛል። ግራ እጃቸውን ጨብጠው በበጓ ግራ ጎን፣ ከዳሌዋ ፊት ያለው ጉድጓድ ላይ ያኖሩታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የበግ ሆድ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ቆይቶ ቆይቶ ይዞራል፤ ጡጫውን ወደ ላይ ሲገፋው ይሰማል። «ሆዷ ሲዞር ቁሚ፣ ሲያርፍ ሂጂ» ይላሉ። ማግኔቱ ከቆዳው ሦስት ጣት ይርቃል። ወደ ሁለት ጣት ካስጠጋሽው ፍሬዎቹ ይኮለኮሉና ግድግዳውን ይነክሳሉ፤ ካራቅሽው ይረሱሻል። ቀኝ እጃቸው ክንዱን ይዞ ሲሄድ የሚሄድ አይመስልም። ስክሪኑን የሚያዩት አልፎ አልፎ ነው፣ ለማረጋገጥ ያህል።

ወረኢሉ ለአንድ ወር ተልከን ሳለ ከሠራንባቸው አንዱ ሙክት ለምርመራ ታረደ። ዶክተሩ አራተኛውን ሆድ ሲከፍተው ፍሬዎቹ ዳቦ ላይ እንደተነሰነሰ ጥቁር አዝሙድ ተበትነው ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ጮኸ። ጋሽ ይማም ግን «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን ታጥበው ሻይ ጠጡ። ያን ቀን ስኒያቸው ሳህኑ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ሻይም ፈሰሰ። ደክሟቸው ነው አልኩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እኔም እስከ ዛሬ ይዣታለሁ።

አሁን ወደ ቀዮ ልምጣ።

ቀዮ የእትዬ ብርቄ በግ ናት። እትዬ ብርቄ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከግቢያችን በታች የሚኖሩ ሴት ናቸው። በጎች ለሥራው ስንመዘግብ ያለ ብዙ ክርክር የሰጡን እሳቸው ነበሩ። «ከሷ ሌላ ቤቴ ውስጥ እግር ያለን እኔና ድመቷ ነን። ታከመች ማለት እኔ ታከምኩ ማለት ነው፣ አደራ» አሉኝ። ቀዮ ትል በልቷት ከስታ ነበር። ቁጥር ተሰጣት፣ ወረቀቷ ተሞላ፣ ቀን ተቆረጠላት።

በዋዜማው፣ ቀኗ ገና ነው ስንል፣ እኛ ጋጣ ውስጥ ወለደች። አንዲት ሴት ግልገል። እትዬ ብርቄ ሰምተው እየሮጡ መጡ፣ ግልገሏን ሳሙ፣ ከዚያ ከመቀነታቸው አንዲት በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር ፈትተው እጄ ላይ አኖሩ። ስነካው ደነገጥኩ። የማጭድ ስባሪ ነው፣ ጣት የምታህል።

«ከራስጌዋ አድርጊላት» አሉ።

«እትዬ ብርቄ፣ እዚህ ቤት ብረት ክልክል ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው? አራስ ያለ ብረት ትተኛለች? ሰውም ትሁን በግ! እናትሽ አንቺን ስትወልድ ከትራሷ ሥር ቢላዋ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እንግዲያ! አንቺ በቢላዋ አድገሽ የኔ በግ ባዶዋን ትደር? ቢያንስ ሰባት ቀን ትቆይላት።»

እኔ እንግዲህ ፊዚክስ የተማርኩ ነኝ። ማግኔት ምን እንደሚወድ ለጎብኚ የማስረዳው እኔ ነኝ። ባለበጎቹ «ሰይጣኑን በእጃችሁ ነው የምትነዱት ወይስ በዱዓ?» ሲሉ የምስቅባቸው እኔ ነኝ። ግን «እሺ» አልኩ። ጠዋት አነሳዋለሁ ብዬ ጭዱ ውስጥ ሸጎጥኩላት። ለምን? እትዬ ብርቄን ለመገላገል ነበር እላለሁ። ደግሞ ሳስበው፣ ቀዮ ግልገሏን እየላሰች ስትንቀጠቀጥ አይቼ ጨርቋን ወደ ራሷ ጠጋ ያደረግኩት ማንም ሳያየኝ ነው። ያን ማን አዘዘኝ? አላውቅም።

ጠዋት ከአዲስ አበባ ሁለት መኪና ጎብኚ መጣ። ለሥራው ገንዘብ የሚሰጡት ናቸው ተባለ። መንገዱ አንገላቷቸው አቧራ ለብሰዋል፣ ቶሎ አይተው መመለስ ይፈልጋሉ። ዶክተሩ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ቀየረ።

ጋሽ ይማም ቀዮን አዩና ዶክተሩን ወደ ጥግ ወሰዱት። «ዶክተር፣ ይህች አራስ ናት። ሌላ በግ እናምጣ።»

«ጋሽ ይማም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የሷ ቁጥር ነው።»

«ቁጥሯማ አልወለደም፤ የወለደችው እሷ ናት።»

«ዛሬን ብቻ ጋሽ ይማም፣ እባክዎ። ተመልሰው አይመጡም እኮ።»

ጋሽ ይማም ወደ ቀዮ ተመለሱ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «እንግዲያው ጭድ አንጥፊላት፣ እንጨቱ አይጎርብጣት» አሉኝ። እኔም ከጋጣዋ አንድ እቅፍ ጭድ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ፣ በግራዋ በኩል፣ ወፈር አድርጌ ደለደልኩላት። የት እንዳደረግሁት አልረሳም። በግራዋ ነው።

ጎብኚዎቹ ስልካቸውን፣ ቁልፋቸውን፣ ቀበቷቸውን ድንጋዩ ላይ ሲያራግፉ እኔ እገልጻለሁ። እንዴት እንደገለጽኩ! አንዲት ሴትዮ «ዩኒቨርሲቲ የት ነው የተማርሽው?» አለችኝ። ፈገግ ብዬ ማስረዳቴን ቀጠልኩ። በዚያ መሀል ጋሽ ይማም ጥያቄያቸውን ጀመሩ። ዶክተሩ «የለም» አለ። ጎብኚዎቹ እየሳቁ «የለም» አሉ።

«ሰዓዳ፣ ብረት አለ?»

«የለም!»

ቀና ብለው አዩኝ። ሌላ ቀን ቢሆን «አፍሽ ቀደመሽ» ይሉኝ ነበር። እንግዳ ፊት ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም መሰለኝ፣ ተዉት። «ቢስሚላህ» ብለው ጡጫቸውን ጎኗ ላይ አኖሩ።

መጀመሪያ ደህና ሄደ። አረንጓዴዋ ነጥብ ቀስ እያለች ወረደች። ከዚያ ድንገት ወደ ግራ ፈነጠረች። ጋሽ ይማም ዓይናቸውን ገልጠው ስክሪኑን አዩ፤ ማግኔቱን ወደ ቀኝ ሳቡ። ነጥቧ አልመጣችም። ጠጋ አደረጉት፣ ወደ ሁለት ጣት።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ጨርቋ። ጭዱ። በእቅፌ ያመጣሁት ጭድ።

የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነበር።  እኔ፣ ለእናቴ የማልበገረው፣ ለሊቀ መንበሩ የማልመለሰው ሰዓዳ፣ ያቺ ዩኒቨርሲቲ የት ተማርሽ ያለችኝ ሴትዮ «ምን ብረት?» ብትለኝ «የአራስ ብረት» ማለት አቃተኝ። አሁን ይስተካከላል፣ አሁን ይስተካከላል እያልኩ ስክሪኑን አፈጠጥኩበት። በዚያው መሀል የጋሽ ይማም ቀኝ እጅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወይም ያየሁ መሰለኝ። 

ነጥቧ በመጨረሻ መሆን ያለባት ቦታ ደረሰች። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። ስልካቸውን አንስተው ሄዱ።

ጭዱን ሳነሳ ጨርቋ ከጠረጴዛው ወደቀች። ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ብርቄ መለስኩላቸው። ተቀብለው አገላብጠው አዩዋትና መልሰው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯት።

በማግስቱ ቀዮ አልበላም አለች። ሆዷ ተነፋ። ጋሽ ይማም ጡጫቸውን ጎኗ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ፤ «አይዞርም» ብቻ አሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግልገሏ የሞተች እናቷን ስትጠባ አገኘናት።

ዶክተሩ ሊከፍታት ሲል ጋሽ ይማምን ውጭ ይቆዩ አላቸው። እኔ ሳፋ ይዤ ከራሷ በኩል ቆምኩ። በጀርባዋ ነው ያስተኛት። ፍሬዎቹ እንደ ዳቦ ላይ አዝሙድ አልተበተኑም፤ አንድ ላይ ተኮልኩለው፣ ጠጥረው፣ የሆዷን ግድግዳ በስተውታል። መድኃኒቱም ያለቦታው ፈሷል። ዶክተሩ በቢላዋው ጫፍ እያመለከተ «ወዲህ ነው የሄዱት፣ አየሽ? ወዲህ» አለኝ። አየሁ። ወረቀቱ ላይ ግን ወዴት እንደሆነ አልጻፈም። «ከታለመው ቦታ ውጭ። ምክንያት፦ የእጅ ስህተት» ብሎ ፈረመ። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ።

ስወጣ ጋሽ ይማም ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን ይዘውታል።

«አይተሽዋል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«እጄን። ያን ቀን።»

«እኔ ስክሪኑን ነበር የማየው» አልኩ።

ሰዓታቸውን አሠሩ፣ ቁልፋቸውን አነሱ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሱም። ዶክተሩ አልከለከላቸውም፣ ግን ኑም አላላቸውም። እሳቸውም የእጃቸውን ነገር አምነው ተቀበሉ። የጎረቤት ላም ሲያማት እንኳ «ሌላ ሰው ጥሩ» ይሉ ጀመር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በበሽተኛ ከብት አንገት ላይ የኖረ እጅ ኪስ ገብቶ ቀረ።

እትዬ ብርቄ ደግሞ! ለእሳቸው ነገሩ ግልጽ ነው። ሌላ በግ ተገዛላቸው፣ ግልገሏንም በጡጦ አሳደጓት፤ እኔን ግን ባዩኝ ቁጥር ያነሱታል።

«ብረቱን ባነሳሽባት ማግስት አመማት» ይላሉ። «ሰባት ቀን አልኩሽ፣ አንድ ሌሊት ሰጠሻት። ብረቱ ቢቆይላት አትሞትም ነበር።»

እኔ ብረቱ ገደላት እላለሁ፣ እሳቸው የብረቱ መነሳት ገደላት ይላሉ፣ ወረቀቱ የጋሽ ይማም እጅ ገደላት ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ ሳስበው አራስን ጠረጴዛ ላይ ያወጣን እኛ ነን የገደልናት እላለሁ። ለማን ልንገር? ጭራሽ የጋሽ ይማም ቦታ ለኔ ተሰጠኝ። ደሞዜም ከፍ አለ፣ እናቴ ጎረቤት ጠርታ አበላች።

ከዚያ በኋላ ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰዓት ባይኖረኝም ድንጋዩ ጋ ቆሜ ነው የምገባው። «ብረት አለ?» የምለውም እኔ ሆንኩ። አንድ ነገር ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ጠያቂዋ ስሆን ማንም እኔን አይጠይቅም። ብዙ በግ ሠራሁ፣ ብዙዎቹ ዳኑ። ሆዳቸው ሲዞር ቆሜ፣ ሲያርፍ ሄጃለሁ። እጄ ጥሩ ነው ይሉኛል። እጁ የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ሥራው ያለቀው በጸጥታ ነው። ገንዘቡ ቆመ ተባለ፤ ዶክተሩ ለትምህርት ውጭ ሄደ፤ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ሰሌዳውንና ኮምፒውተሩን ጫነ። ለኔ ማኅተም ያለው የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ሣር ቤቱ የድርቆሽ ማከማቻ ሆነ፤ ሊቀ መንበሩ ቆርቆሮ አለበሰው።

ባለፈው ሰሞን፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ የጠረጴዛዬ ግማሽ ላይ በተኛችበት ሰዓት፣ ጋሽ ይማም ሱቄ መጡ። ስልካቸውን በግራ እጃቸው ዘረጉልኝ። ቀኙ ኪስ ውስጥ ነው።

«ድምፅ አትሰማም ይቺ። እንደኔ አርጅታ ይሁን እይልኝ» አሉ።

ከፈትኩት። ብሎኗን በማግኔታማዋ መፍቻ ሳወጣት መፍቻዋ ጫፍ ላይ ተጣብቃ ቀረች። እያየኋት ቆየሁ። ከዚያ ሳላስበው ወጣ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ብረት ነበረ።»

«የቱን ቀን?»

«የቀዮ ዕለት። ጭዱ ውስጥ። እትዬ ብርቄ የአራስ ብረት ሰጥተውኝ እኔ ነኝ የሸጎጥኩት። የለም ያልኩዎት ረስቼ ነው። ነጥቧ ስትፈነጥር ግን ትዝ ብሎኛል። ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮሁብኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ብረቱ በየት በኩል ነበር?»

«በግራዋ።»

ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው ወጣ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በግራ ጡጫቸው የሌለች በግ ጎን ያዙና በቀኛቸው አየሩ ላይ ያን ክንድ ነዱት፤ ሲዞር ቆመው፣ ሲያርፍ ሄደው። «ብረቱ በግራ ከሆነ ሰሌዳው ወደ ግራ ይዋሸኛል። እኔ ወደ ቀኝ እስባለሁ። አይመጣልኝም፣ አስጠጋለሁ…» ዓይናቸውን ገለጡ። «እንግዲያው ፍሬዎቹ የተገኙት በቀኟ መሆን አለበት። በግራዋ ከተገኙ ግን የኔው እጅ ነው። አንቺ ሳፋ ይዘሽ ነበር። በየት ተገኙ?»

ዶክተሩ ቢላዋውን ዘርግቶ «ወዲህ» ሲል በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ወዲህ ማለት ወደኔ ግራ ነው። ወይስ ወደሱ ግራ? እሱ ከእግሯ፣ እኔ ከራሷ ነበርን። እሷ ደግሞ በጀርባዋ ናት።

«በቀኟ» አልኩ።

አፌ ቀደመኝ። አላሉኝም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ጋሽ ይማም እጃቸውን ብርሃኑ ላይ ዘርግተው አዩት፣ መዳፉንም ጀርባውንም። «እንግዲያው ደህና ነበር» አሉ። «እጄ ደህና ነበር ማለት ነው።» ከዚያ ተነስተው «ያን ዕለት ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር፣ ሰዓዳ» አሉና መልሼ የገጠምኩትን ስልካቸውን በቀኝ እጃቸው ተቀብለው ሄዱ።

ቤት ገብቼ አጎዛችንን መሬት ላይ ዘረጋሁ። ከራስጌው ቆምኩ፣ ሳፋ ይዤ እንደቆምኩበት ቀን። ገለበጥኩት። ዞርኩ። ከእግርጌው ቆምኩ። አንዴ ቀኟ ይሆናል፣ አንዴ ግራዋ።

እናቴ መጥታ አየችኝ። «በግ ጥበቃውን ከቤት ጀመርሽ?» አለች።

«እማ፣ በጀርባሽ ብትተኚ ቀኝሽ የቱ ነው?»

«በየትም ብተኛ ቀኜ ቀኜ ነው! ምን ነካሽ?»

ለሷ እውነት ነው። ለኔ ግን እስካሁን አልለየልኝም። ለሽማግሌው የሰጠሁት መልስ እውነት ይሁን ሁለተኛ «የለም» ይሁን አላውቅም።

በቀጣዩ የገበያ ቀን በበግ ተራ ሳልፍ ሰው ከቦ ቆሟል። ተጋፍቼ ገባሁ። እትዬ ብርቄ ያችን በጡጦ ያደገችውን፣ አሁን እናት በግ የሆነችውን የቀዮን ልጅ አንገቷን ይዘዋል። ጋሽ ይማም መድኃኒት ሊያጠጧት እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ማግኔት የለ፣ ሰሌዳ የለ፣ ተራ የትል መድኃኒት ነው። ሰዓታቸው ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጃቸውን አፈጠጥኩበት። ጠርሙሱን ይዟል። ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሰው ስለሚገፋኝ አልለየሁትም።

ቀና ሲሉ አዩኝ።

«ሰዓዳ፣ ብረት አለ?»

ገበያው ሳቀ። «ምን ብረት ነው ደግሞ በገበያ?» አለ አንዱ።

አፌን ዘጋሁ። ኪሴን ጠየቅሁ። መፍቻዋ ጣቴን ነካችኝ።

«አለ» አልኩ፣ አውጥቼም ከሰዓታቸው አጠገብ አስቀመጥኳት።